የቄስ ዓለምነው መፋቂያ

የይጁቤው ቄስ ዓለምነው ከተወለዱ ጀምሮ ደማቸው አንዴ ከፈሰሰ ቶሎ አይቆምም። ታላቅ ወንድማቸው ፈንታም እንደዚሁ ነበር። ጎረምሳ ሳለ መንደር ውስጥ ጥርሱን በጉጠት ነቀሉለት፤ ደሙ ሲፈስ አድሮ ንጋት ላይ ሕይወቱ አለፈ።

ከአፉ ደም የፈሰሰ ካህን አይቀድስም። የቄሱ ድድ ደግሞ በነኩት ቁጥር ይደማል። ስለዚህ ቅዳሴ እንዳይታጎልባቸው ብለው መፋቂያን እርም አሉ፤ ጥርሳቸውም ውስጥ ውስጡን በሰበሰ። ጉንጫቸው ሲያብጥ ደብረ ማርቆስ ሄደው፣ የጥርስ ሐኪሟ ፊት ተቀምጠው የፈንታን ነገር ተናገሩ። ሐኪሟ ያነሳችውን ጉጠት መልሳ አስቀመጠች።

«እንኳን ነገሩኝ፣ አባ! ደም የሚያረጋ መድኃኒት ሳይሰጥዎ አልነቅልም። ግን ጥርስዎን ለምን አይፍቁም?»

«እንዳልደማ ነዋ፣ ልጄ።»

«ድድዎ እኮ የባሰበት ባለመፋቅዎ ነው።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ።

መድኃኒቱ ተገኝቶ በደም ሥራቸው ከተሰጣቸው በኋላ ጥርሱ ተነቀለ። ጥጥ ነክሰው ቆዩ። ሐኪሟ ጥጡን አውጥታ አየች፤ ደሙ ረግቷል።

ቄስ ዓለምነው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑና በደነዘዘ አፋቸው፣ «ፈንታዬ፣ ቆመ እኮ!» አሉ።