ስምንተኛው ጉንጉን

እትዬ የስምንተኛ አባታቸውን ስም ለምን አልነገሩኝም? ረስተውት ነው ወይስ ለራሳቸው ሊያስቀሩት? እስከ ዛሬ መልሱን አላውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነበር። የእስር ቤቱ ክፍል በር ከኋላዬ ሲዘጋ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ተቀበለኝ። ከግድግዳው ሥር የተቀመጡ አንዲት እናት ጠጋ አሉልኝ። ከጣና ደሴቶች ከአንዷ የመጡ ነበሩ።

«ወንድ ልጅ አለኝ፤ ልድርልሽ ነው» አሉ። «በይ አባቶችሽን እስከ ሰባት ቁጠሪ፤ ዘመዳሞች እንዳትሆኑ።»

ያሳደገችኝ እናቴ ናት። ከአባቴ ስም አላለፍኩም።

«ኤዲያ! ሰርጉ ቀረ!» ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ሹሩባ እየሠሩኝ የራሳቸውን አባቶች ያስቆጥሩኝ ጀመር፤ ለእያንዳንዱ ጉንጉን አንድ ስም።

«እትዬ፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

«ወንድሞቼ አልቀዋል። ልጄ የሚቆጥረው የአባቱን ቤት ነው። እኔ ከሄድኩ እነዚህን ማን ይቆጥራቸዋል? አንቺ ያዢልኝ።»

ስምንተኛው አባታቸው በደንገል ታንኳ ተሻግሮ ደሴቲቱ ላይ የሰፈረው ነው። ስምንተኛውን ጉንጉን እንደጀመሩ በሩ ተከፈተ።

«አሮጊቷ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ!»

ለግድያ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ይቺን ልጨርስላት» አሉ፣ ሳይነሡ።

ጠባቂውን ምን እንደነካው እንጃ፣ ቆሞ ጠበቀ። ጣቶቻቸው አልተቻኮሉም። ጫፉን ቋጠሩ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወጡ። ስሙን ሳይናገሩ። አልተመለሱም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ቶሮንቶ፣ ልጆቼ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ኮሌጅ ገባሁ። አንድ ቀን የባዮሎጂ መምህራችን የአንድ ደሴት ሰዎች የአባት ዘር ሐረግ በወንዶቹ ደም እንዴት እንደሚፈለግ አስረዳን። ምልክቱ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል፤ ሴት ልጅ አትይዘውም አለ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

አጠገቤ የምትቀመጠው እኩያዬ ጃማይካዊት ነበረች። ቤቷ በከተማው ምዕራብ ኤግሊንተን ዌስት፣ የእኔ በምሥራቅ ክሬሰንት ታውን ነው። ያን ቀን ግን መንገዷን ትታ ወደ እኔ ሰፈር በሚሄደው የምድር ውስጥ ባቡር አብራኝ ተሳፈረች።

«ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኳት።

ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ከአያቴ በላይ አላውቅም። እስቲ ቁጠሪልኝ።»

በጣቶቼ ቆጠርኩላት። አፏ እየተኮላተፈ ተከተለችኝ።

«ድገሚው፤ ቀስ ብለሽ።»

መውረጃዬን አልፈን ነበር። ደገምኩት። ከሰባተኛው በኋላ ስምንተኛ ጣቴን ዘርግቼ አቆምኩ። ስሙን አልጠየቀችኝም። ጣቴን በእጇ ያዘችው።