የውቢት ሽንትና የባሏ ክብር

የዳንግላው ባለጋሪ ይሄነው ከልቡ የሚያከብረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱን። ፈረሱን በአለንጋ፣ ሚስቱን በምላሱ ይገርፋል። ሚስቱን ውቢትን በዓመት አራት አምስት ጊዜ ሽንት ያቃጥላታል፤ መድኃኒት ስትውጥ ይተዋትና ደግሞ ይመለስባታል። እሱ እቴ፣ አንድ ቀን እንኳ ሐኪም ሳይጠይቅ፣ «ከየት እንዳመጣሽው ካልነገርሽኝ አገርሽ አዘና ተመልሰሽ አባትሽ ቤት ትገቢያለሽ» ይላታል። ሰሞኑን እሱንም ይለበልበው ነበር፤ የእሱ ግን ብርድ ነው።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ጤና ጣቢያ ይህ ሕመም የሚመላለስባቸውን ሴቶች መዘገበ። ሰውነት ጀርም ሲዋጋ በሽንት የሚጥለውን ምልክት በየሁለት ሳምንቱ እየለኩ፣ ሕመሙ ሳይነሳ ለማወቅ ነው። የላብራቶሪ ሠራተኛዋ ሰርክአዲስ፣ «መንስኤውም ይታወቃል» ስላለቻት ውቢት ተስፋዋን ሁሉ በምትሰጠው የሽንት ብልቃጥ ላይ ጣለች።

አንድ የገበያ ቀን ድንች ልትሸጥ ስትሄድ ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልላ ባሏ እንዲያደርስላት ሰጠችው። ጌታው የሚስቱን ሽንት ይዞ መታየቱ አንገበገበው። ጋሪው ላይ የተሳፈሩት እማማ ማናለብሽ፣ «ምንድን ነው የያዝከው ልጄ?» ቢሉት፣ «ጠበል ነው» ብሎ ዋሸ።

«እስኪ ለዚች ጉልበቴ ጣል አድርግልኝ» አሉና ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ።

ይሄነው ፌስታሉን ወደ ጎኑ ሸጎጠ። «ለታማሚ የተላከ ነው» ብሎ እንደምንም አመለጠና እሳቸውን እንዳወረደ ቦይ ውስጥ ደፋው። ባዶ ብልቃጥ ማድረስ ደግሞ አሳፈረው። ከባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ራሱ ሞላው። ሽንት ሽንት ነው አለ፣ አዋቂው።

በማግስቱ ሁለቱም ተጠሩ። ሰርክአዲስ፣ «በትናንቱ ሽንት የጨብጥ ጀርም ታይቷል» ስትል ውቢት ደርቃ ቀረች። ይሄነው አንዲት ቃል ቢተነፍስ ያድናታል። እሱ ግን፣ ይህ ከንቱ፣ «አላልኩሽም? ዛሬውኑ ጓዝሽን ጠቅልይ» አላት።

ሰርክአዲስ የቀደሙትን ወራት ውጤት አገላብጣ ተጠራጠረች። ውቢት እዚያው አዲስ ሽንት እንድትሰጥ አደረገችና መረመረችው። ያው የተለመደው ኢንፌክሽን ነው፤ ጨብጥ የሚባል የለበትም።

«የትናንቱ ያንቺ አይደለም። ማን ነው ያመጣው?»

ይሄነው ጉሮሮውን ጠረገ። «ፈረሱ ደንብሮ... ተደፋና...»

«ታዲያ ብልቃጡን የሞላው ፈረሱ ነው?» አለች ውቢት።

ነርስ ተጠራችና መርፌዋን ይዛ ገባች። «ሱሪዎን ዝቅ ያድርጉ» አለችው። ውቢት አልወጣችም፤ ቆማ አየችው።