ጃንጥላ ያዥ

ከውጫሌ ወደ ሐይቅ ከተማ ስሳፈር አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በእርጥብ ሻሽ የጠቀለለችውን ነገር ታቅፋ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታለች። ሕፃን መስሎኝ በልቤ እሹሩሩ ጀመርኩ። ሚኒባሱ ለዙህር ሶላት ሲቆም ግን ሻሹን ፈታችው፤ የግራር ችግኝ ነው። ከክርኗና ከእግሯ የሚወርደው የውዱእ ውሃ ሥሩ ላይ እንዲያርፍ ጎንበስ ብላ ታጠበች።

ሐይቁ ብቅ ሲል ዓይኗን ተከለችበት። የተለያት ወዳጅ አለ አልኩና፣ ማንም ሳይለምነኝ በአምባሰል ቅኝት አንጎራጎርኩላት፦

ሐይቅ ዳር ቆሜ ብጠብቃትም፣
ውሃው ሸሸ እንጂ እሷ አልመጣችም።

“መሸሹንስ እኔም አይቻለሁ ወንድሜ፤ ይልቅ ጃንጥላውን ያዝልኝ፣ ችግኟ ላይ ፀሐይ መጣባት።”

ያዝኩ።

“አምና የተከልኳት ግራር ደረቀችና ጎርፉ በቆመችበት ክፍተት ገብቶ ጓሮዬን በላው። ይቺ ካልያዘች ተራው የቤቴ ነው።”

ጉሮሮዬን ለዜማ የማርስበትን ውሃ ሰጠኋት። ሥሩ ላይ አፈሰሰችው፤ እኔም ጉሮሮዬ ደርቆ ሐይቅ እስክንደርስ ዝም አልኩ።

ስትወርድ “አላህ ይስጥህ” አለችኝ። ለውሃው ይሁን ለዝምታው አልጠየቅኋትም።