ማዳም ደቦ የገባች ዕለት

የምትጽፈው ልጄ ዘይነባ ናት፤ ቃሉ የአባቷ ነው።

ለዑምራ ጅዳ ብገባ፣ ልጄ በቤት ሠራተኝነት የምታገለግላት ማዳም "እንግዳ አለብኝ" ብላ ልጄን ከእኔ ጋር ወደ መካ አልለቅም አለች።

ወሎ እያለሁ ያነሳሁትን ፎቶ ዛሬ ለማዳም አሳየኋት። ጎረቤቶቼ ጤፌን ሲያጭዱ ነው።

"ሐጂ፣ ይህን ሁሉ ሠራተኛ ይዘው ልጅዎን ለምን ላኩ?" አለች፤ ዘይነባ እያስተረጎመች።

ሳቄ መጣ። "ሠራተኛ አይደሉም፤ ደቦ ነው። ዛሬ እነሱ ለእኔ ያጭዳሉ፣ ነገ እኔ ለእነሱ። እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት።"

ማዳም ፎቶውን ደግማ አየችና እጅጌዋን ሰበሰበች። "ኸላስ፣ በቃ! ዛሬ የእንግዶቹን ሳህን እኔ አጥባለሁ። ያላ ዘይነባ፣ ከአባትሽ ጋር ሂጂ!"

ፊቴን ፎቶ አላስነሳም አለች። የሳሙና አረፋ የነካ እጇን ግን አንስቼዋለሁ፤ ለጎረቤቶቼ አሳያለሁ። መጻፍ ባልችልም ፎቶ ማንሳት ላይ ማን ይደርስብኛል!

አሁን የመካ መንገድ ላይ ነን። እናንተንስ አንባቢዎች፣ ፎቶ ከማን ጋር አግባባችሁ? ጻፉልን።

በይ ልጄ፣ ሳታሳምሪ መልሰሽ አንብቢልኝ።