ሻማ የለጠፍኩበት ፎቶ

ጦርነቱ አልፎ ኔትወርክ ሲመለስ ስልኬ ላይ መጀመሪያ የገባው «ደህና ነሽ?» የሚል መልእክት አልነበረም። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ለወራት ስትልክ የከረመቻቸው አስቂኝ ምስሎች ተከታትለው ወረዱ፤ ባንክ ቤት ወረፋ የያዘ የሚመስል በግ፣ የትራፊክ ፖሊስ ኮፍያ የደፋች ድመት። ኋላ ስጠይቃት፣ «እማዬ፣ ደህና ነሽ ወይ ብዬ ጽፌ መልስ ሲጠፋ ሌሊቱ አይነጋልኝም። በጉን መላክ ይቀለኝ ነበር» አለች።

ከዚያ ወዲህ እኔም ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ አስፋልቱ ዳር ከተቀመጡ ግን የሚታይ አይጠፋም። የባጃጅ ጀርባ ጽሑፍ አነሳለሁ፤ አንዱ «አትቅደመኝ፣ እኔም አልደረስኩም» ይላል። ዓሣ ሻጩ ለዓሣው በተከለው ጃንጥላ ሥር ሦስት ፍየሎች ተኝተው አግኝቼ አነሳኋቸው። የሰው ፊት ግን አላነሳም ነበር። በጦርነቱ ሰሞን ስልኩን ወደ ሰው ያዞረ ሁሉ ይጠረጠር ስለነበር ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

የመጀመሪያዋ ሰው ጎረቤቴ ሆነች። እሷ እስላም ናት፣ እኔ ክርስቲያን፤ አርባ ዓመት ኢድን እሷ ቤት፣ ፋሲካን እኔ ቤት ውለናል። ደሴ አንድ ወንድም አላት። ጦርነቱ ሲቃረብ ቤተሰቡን ይዞ ሊሸሽ ሲል እሷንም ሊወስዳት መጥቶ ነበር። «በስተርጅና በሰው አገር አልንገላታም» ብላ እንቢ አለች። ለመናት፣ ለመናት፣ በመጨረሻ «እንግዲህ እህት የለኝም!» ብሎ ሄደ። ሁለቱም ተረፉ፤ ግን ዓመት ሙሉ አልተደዋወሉም። «ትቶኝ የሄደው እሱ ነው፣ እሱ ይደውል» ትላለች። ስልኳ በጠራ ቁጥር ግን ማን እንደሆነ ለማየት እንዴት እንደምትሮጥ አያለሁ። ሁለት ጊዜ ላስታርቅ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ወሬ ለወጠችብኝ።

አንድ ቀን ማለዳ ደጇ ላይ ምስር ስትለቅም፣ «ላንሳሽ» አልኳት።

«ምነው፣ ፍየሎቹ አለቁ?»

«አንቺ ትሻያለሽ።»

«ከፍየል? ተመስገን ነው» ብላ ሳቀች። ስልኩ ሲዞርባት ግን ሳቋ ጠፋ። ሻሿን አስተካከለች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ድሮ ፎቶ ቤት እንደምንነሳው ድርቅ አለች።

ከኋላዋ ያለው ግድግዳ በጥይት የተበሳሳ ነበር። እሱ ጎልቶ እንዳይታይ ብዬ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረግሁት። ጥጉ ባዶ ሲሆንብኝ ስልኩ ከሚያቀርባቸው ትንንሽ ሥዕሎች ሻማ መርጬ ለጠፍኩ። መብራት በጠፋባቸው ወራት ሁለታችን በአንድ ሻማ ስለኖርን ለእኔ የወዳጅነት ምልክት ነበር። «የአርባ ዓመት ጎረቤቴ» ብዬ ጻፍኩና ፌስቡክ ላይ አወጣሁት። ወዲያው ኔትወርኩ ሄደ፤ እኔም ስልኩን አስቀምጬ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ከቀትር በፊት ደጃችን በለቅሶ ተናወጠ። ከደሴ ከተኮናተሩት ሚኒባስ ወንድሟ፣ ሚስቱና ሌሎች ስድስት ሰዎች ወረዱ። ወንድሟ «ጀናዛው ወጣ? አልደረስኩም?» እያለ ይሮጣል። ሚስቱ ደረቷን ትደቃለች።

እዚህ አገር ለቅሶ ሲሰማ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ኋላ ነው። ጎረቤቴም መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ እንባዋን እያፈሰሰች ወጥታ የወንድሟ ሚስት አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ወይኔ! ወይኔ! ማንን ነው? ማንን ወሰደብን?»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻትና ድምጿ ተቆረጠ።

«አንቺን» አለች።

ወንድሟ ስልኩን አውጥቶ ደሴ ሳለ የከፈተውን ፎቶ አሳየን። ከሥሩ «ነፍስ ይማር»፣ «ኢና ሊላሂ» ተደርድሯል። ቢደውል ቢደውል ስልኳ አልሠራ ብሎት ነው የመጣው። ጥቁርና ነጭ፣ ሻማ፣ ብቻዋን የተኮሳተረች አሮጊት፤ ሌላ ምን ይባላል?

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ለማሳመር ብዬ ነው።»

«አሳምረሽ ገደልሽኝ!» አለች ጎረቤቴ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተስ? ለመቅበር ሲሆን መንገዱ ያጥራል? በቁሜማ ደሴ ሩቅ ነበረች።»

ለቀስተኛው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እኔም ፈራሁ፤ በዚህ ቃል ተቆጥቶ ከተመለሰ ዳግመኛ እንደማይመጣ አውቃለሁ።

ወንድሟ ግን መደቡ ላይ ተቀመጠ። «መንገድ ላይ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው» አለ። «እህት የለኝም ያልኩትን አላህ ሰምቶ ፈጸመብኝ አልኩ።»

እሷ ገብታ በጣሳ ውኃ አመጣችለት። «ጠጣ። ሲያለቅስ የመጣ ሰው ይጠማዋል።» ጠጣ። ጣሳውን ስትቀበለው እጁን ቶሎ አልለቀቀችውም።

ሚስቱ መሳቅ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አንዱ «ለቀስተኛ ሳይበላ አይመለስም፣ ሟቿም ብትሆን ታስተናግደን» አለ። ምሳውን እኔ ሠራሁ፤ የሚገባኝ ቅጣት ነበር። ኔትወርኩ ሲመለስ ፎቶውን ላጠፋው ስል ጎረቤቴ ከለከለችኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ አንብቢልኝ። ማን እንዳለቀሰልኝ ልወቅ።» ሁሉንም አነበብኩላት። አንዷ ጋ ስደርስ፣ «ይቺ ድስቴን ወስዳ ያልመለሰች ናት፣ አሁን ታልቅስ!» አለች።

ወንድሟ ልጁ እንደወለደች የነገራት ምሳው ላይ ነው። የተወለደችው ሴት ናት፣ ስምንት ወሯ።

«ማንን ትመስላለች?»

«ግትር ናት» አለ። «እንግዲህ ገምቺ።»

ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ ሲመለስ እሷም ተሳፈረች። «ለሦስት ቀን ነው፣ ዶሮዎቹን አደራ» ብላ ቁልፏን በመስኮት ሰጠችኝ።

የተመለሰችው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ዶሮዎቹ እስከዚያ እኔን ለምደው ነበር።