ሪሞቱ ሲሳይ ጋ ነው

የናይለን ከረጢቱን ቋጠሮ ስፈታው ቀድሞ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ ሙቀት ያቀለጠው የናስትሮ ሙጫ ከሰሊጥ ዘይት ጋር ተደባልቆ፣ በልጅነታችን ከወንድሜ ከሲሳይ መዳፍ ይሸተኝ የነበረው ያው ሽታ። ከውስጡ የወጣው ሽጉጥ የሚመስል፣ ጎኑ ላይ ትንሽ መሪ ያለው ጥቁር የመጫወቻ መኪና ሪሞት ነው። ያመጣችልኝ እትዬ ዘነቡ ትባላለች፤ ካርቱም ውስጥ ሲሳይ ከሚሠራበት የዘይት መጭመቂያ በር ላይ ሻይ ስትሸጥ የኖረች፣ ጦርነቱ ሲብስ ከመንገድ መንገድ ተንከራትታ እዚህ ገዳሪፍ የደረሰች የአገራችን ሴት ናት። ስልክ ከምጠግንበት ጠረጴዛ ፊት ቆማ፣ ዓይን ዓይኔን ላለማየት ከረጢቱን እያየች፣ "ወንድምዓለም፣ አደራ ብሎኝ ነው፤ ወባው ሲጠናበት መድኃኒት አጣንለት። አፈር ያለበስነው እኛው ጎረቤቶቹ ነን" አለችኝና እንደ ሱዳን ሴቶች የተጠቀለለችበትን የቶቧን ጫፍ አፏ ውስጥ ነክሳ ቆመች።

በእኛ ወግ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ፣ የሚደግፍ ሰው ከግራ ከቀኝ ቆሞ ነው የሚረዳው። የእኔ በናይለን ከረጢት መጣ። በእትዬ ዘነቡ አልፈርድም፤ እሷስ በሰው አገር፣ በተሰደደችበት፣ ማንን ትሰብስብ? እናቴ ግን እስከ ዛሬ አልሰማችም። ከግቢያችን የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ሥር፣ በገመድ በተጠለፈች አልጋዋ፣ በአንገረቧ ላይ ተጋድማ ልጇን ትጠብቃለች። መርዶ ሊያረዱልኝ የሚችሉት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ጦርነቱ ገዳሪፍም ይደርሳል ብለው ወደ መተማ ተሻግረዋል፤ እኔም ብቻዬን አፌን እንዴት እንደምከፍት ስለጨነቀኝ ሪሞቱን ከመሣሪያ ሣጥኔ ሥር ሸሽጌ ሰነበትኩ።

መኪናዋን ያመጣልን አባታችን ነው። አባባ የሎሪ ሾፌር ነበር፤ ሰሊጥና ማሽላ ከእርሻው ጭኖ ገዳሪፍ ገበያ የሚያራግፍ፣ በድርቁ ዘመን ከአርማጭሆ በእግሩ መጥቶ እዚሁ ያገባ፣ እዚሁ የወለደን። አንድ ጊዜ ፖርት ሱዳን ደርሶ ሲመለስ፣ ከሳዑዲ በመርከብ ከመጣ አሮጌ ዕቃ ክምር ውስጥ የመረጣትን በካርቶን ይዟት ገባ። እሷም መኪና ከተባለች፣ ሽፋኗ የተሰነጠቀ፣ አንዱ ጎማዋ የወለቀ፣ እንደ ግመል እግረ ረጅም፣ ብሎኗ ሁሉ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ነበረች። መመሪያዋ የተጻፈው በቻይንኛ ነው። ያን ኸሪፍ፣ በክረምቱ ዝናቡ ራኩባውን ሲደበድብ፣ እኔና ሲሳይ ሰሌን ላይ ተደፍተን ፈታን ገጠምን፤ የትኛው ዘንግ የት እንደሚገባ ተጣላን፤ የማርሽ ጥርሶቿን ከእናታችን ጓዳ በሰረቅነው የሰሊጥ ዘይት አለሰለስን። እናታችን ምስር ስትለቅም ብሎን እያገኘች፣ አንድ ቀን ወጥ ውስጥ ጎማ ይወጣብኛል እያለች ታማርር ነበር።

ገጥመን ስንጨርስ ወደ አስፋልቱ አወጣናት። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣ ሐበሻውም ሱዳኑም፣ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ሊያይ ወጣ። ሲሳይ ቃታውን ሳበው። መኪናዋ ጉርርር አለችና መራመድ ጀመረች፤ መራመድ ስል መራመድ ነው፣ ውሃ የጫነች የጋሪ አህያ ቀድማት ሄደች። ሱዳኖቹ ልጆች "አቡ ገደህ! አቡ ገደህ!" እያሉ መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ በነሱ አፍ ኤሊ ማለት ነው። ስሟም በዚያው ጸደቀ፤ አቡ የወንድ ስም ቢሆንም እኛ ሴት አድርገናት ቀረች። ሲሳይ ተበላሽታለች ብሎ በኀፍረት ከግቢ አልወጣ አለ፤ ገበያ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝም ሞተሯን በሚሮጥ ልቀይርላችሁ አለን። አባባ ከእርሻ ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ፣ አንሥቶ ሥሯን ካየ በኋላ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ይቺ ለአስፋልት አልተሠራችም፣ ሰውም መኪናም ያለ ቦታው ያስቃል፣ ውሰዷት ወደ ድንጋይ አለን።

ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ኮረብታ፣ ጀበሉ፣ ጥቁር ድንጋዩ እንደ ደረጃ የተደራረበ ነው። እዚያ ወስደናት በመጀመሪያው ቀን ከመውጣቷ መገልበጧ በዛ። ጥፋቱ የኛ ነበር፤ አንዲት ድንጋይ ስታቅታት ሲሳይ ቃታውን እስከ ጥግ ይስበዋል፣ ጎማው በባዶ ይሽከረከርና አቡ ገደህ በጀርባዋ ወድቃ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ታነሣለች። ማታ ማታ አባባ ራቱን እየበላ የሎሪ ሾፌርነትን አስተማረን። ጎማዋን ብሱትና አየሯ ይውጣ፣ ልፍስፍስ ያለ ጎማ ድንጋዩን ያቅፋል አለን፤ በሳነው። ክብደቷን ዝቅ አድርጉ አለን፤ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ መሬት ላይ የጣለውን የሚዛን እርሳስ ለቅመን በፊት ጎማዎቿ ሆድ ውስጥ ከተትን። ባትሪዋን ከኋላ ነቅለን ወደ ግንባሯ አመጣን፣ ዳገት ላይ አፍንጫዋ እንዳይነሣ። ከሁሉ በላይ ግን አትቸኩሉ አለን፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሲሳይም፣ "አባባ፣ እንቁላሉ እግር ሳያወጣ እኮ ባትሪው ያልቃል" አለውና አባባ በሳቅ ጉርሻው ትን አለው።

ወደ ግራ የመጎተት አመል ነበራት። ሪሞቱ ላይ መሪዋን የምታቃና አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ሲሳይ ጥቂት በጥቂት እያዞረ፣ እየሞከረ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ቀጥ የምትልበትን ቦታ አገኘና ማንም እንዳይነካበት ቁልፏን በናስትሮ ጠቀለላት። ሌላም ሕግ ነበረው፤ መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ከዚያ መኪናዋ። ሪሞቷን ያላገኘች እንደሆነ ሆዷ ሥር ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ስታገኝ ትረጋለች። የሌላ መኪና ሪሞት ብታቀርብላት አትሰማም፣ የምታውቀው የራሷን ብቻ ነው።

እኔ ነዳሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ድንጋይ ላይ የሚነዳ ሰው ከወዲያ በኩል ያለውን ጎማ አያይም። ሎሪም በኸሪፍ ጎርፍ የሚወርድበትን ፈፋ ሲሻገር ያው ነው፤ ረዳቱ ወርዶ፣ ፊቱን ወደ ሾፌሩ አዙሮ፣ ወደኋላ እየተራመደ በእጁ ይመራዋል። መዳፉ ያጋደለበት ወደዚያ፣ ጣት ሲጠቅስ ትንሽ ና፣ ቡጢ ሲጨብጥ ቁም። ሾፌርና ረዳት ካልተማመኑ ፈፋ ውስጥ ያድራሉ ይል ነበር አባባ። እኛም እንደዚያው ሆንን፤ እኔ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ባዶ እግሬን እየተለበለብኩ ወደኋላ እሄዳለሁ፣ ሲሳይ ከታች ቆሞ መኪናዋን ትቶ እጄን ብቻ ያያል። አንዳንዴ እኔም ልንዳ ብዬ ሳኮርፍ፣ "ሾፌርማ ሞልቷል፣ የጠፋው ረዳት ነው" ይለኝና ልቤ ይሞላል። ሞኝ ነበርኩ፤ አሁን ሳስበው ግን በሕይወቴ እንደዚያ ያመነኝ ሰው የለም።

ከጀበሉ ጫፍ ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፣ መተማ ብለን የጠራነው። ከመተማ ወዲያ አገራችን ነው እየተባልን አድገን አንድ ቀን እንኳ ረግጠነው ስለማናውቅ፣ ያን ድንጋይ ያለፍን ቀን ገባን እንል ነበር። አላለፍንም። አባባ ሞተ፣ ሎሪው ተሸጠ፣ ሲሳይ ጢም አወጣና ሥራ ፍለጋ ካርቱም ሊሄድ ተነሣ። ሊሄድ ሲል ጎረምሶች ሆነን፣ ሰው አየን አላየን እያፈርን፣ አቡ ገደህን ይዘን ወጣን። የመተማ ትከሻ ላይ ደረሰች፤ የፊት ጎማዎቿ ጫፉን ጨበጡ፤ እኔ በጣቴ ትንሽ ና፣ ትንሽ ና ስል ባትሪዋ አለቀ። እዚያው ተሣሣቅን። ሲሳይ ሪሞቱን ሻንጣው ውስጥ ከተተና መኪናዋን ለእኔ ሰጠኝ፤ "አንተም ያለ እኔ አትነዳትም፣ እኔም ያለ አንተ አልነዳትም። ራሴ ይዤው እመጣለሁ፣ ያኔ እንጨርሰዋለን" አለኝ። ከዚያ በኋላ ቤት የመጣ እንግዳ መደርደሪያው ላይ አይቷት ትሠራለች ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ እናታችን ቀድማ፣ "ትሠራለች፣ ሪሞቱ ሲሳይ ጋ ነው" ትላለች።

ጦርነቱ ሲነሣ ከሲሳይ ጋር የምንገናኝበት ስልክ ተቋረጠ። እኔ ዕቃ ጠጋኝ ነኝ፤ ባትሪ ካልሠራ ይሞታል በሚል ሰበብ በየዓርቡ ከምሳ በኋላ አቡ ገደህን ቻርጅ አድርጌ አበራታለሁ። መብራቷ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም። የሪሞቱ ኃይል ከግቢያችን አጥር አልፎ ብዙ እንደማይሄድ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ካርቱም የት፣ እኛ የት። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ነው። አንድ ቀን እናቴ አንገረቧ ላይ ሆና ምን ሆና ነው እንዲህ የምትጠቅሰው አለችኝ። ሪሞቷን እየፈለገች ነው፣ ሪሞቱን የያዘው ሰው ደጅ ሲደርስ ትረጋለች አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው። ከዚያ ወዲህ ዓርብ በመጣ ቁጥር፣ በደከመ ዓይኗ ቀይዋን መብራት እየፈለገች፣ "አገኘችው?" ትለኛለች፤ እኔም "ገና ነው" እላታለሁ።

ዛሬም ዓርብ ነው። ምሳ በልተን እናቴ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ሸለብ ሲያደርጋት፣ አላስችል ብሎኝ ከረጢቱን ከሣጥኑ ሥር አወጣሁ። ናስትሮው ዳሩ ተላጠ እንጂ ቁልፏን አልለቀቀም። በሲሳይ ሕግ መጀመሪያ ሪሞቱን አበራሁ፣ ከዚያ መኪናዋን። ቀይዋ መብራት ጠቀስ አደረገችና ረጋች። የፊት ጎማዎቿ ተንቀጥቅጠው እሱ ባቃናት ቦታ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሁለቱም እጄ ላይ ናቸው፤ ልጅ ሆኜ ስመኘው የኖርኩት ቃታ ጣቴ ሥር ነው፤ ልስበው ግን አልቻልኩም፣ ስቤስ ወዴት ልንዳት? መተማ ላይ ረዳት የለኝም፣ ሾፌርም የለኝም። ተስፋ የሚባለው ነገር፣ ያ በየዓርቡ ብልጭ ድርግም የሚለው፣ ለካ ሪሞቱ እስካልመጣ ድረስ ብቻ ነበር። መብራቱ ባይረጋልኝ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

እንባዬን በክንዴ ስጠርግ አንገረቡ ሲንቋቋ ሰማሁ። እናቴ ተገላብጣ፣ በክርኗ ተደግፋ፣ መኪናዋን ትኩር ብላ ታያለች።

"ረጋች" አለች።

ሪሞቱን ከጀርባዬ ደበቅኩት። እሷ ሻሿን አስተካከለች፣ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ዳበሰች፣ የቀሚሷን ጫፍ ወደ ጉልበቷ ሳበች፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው። ከዚያ፣ ስንት ዘመን ሰምቼው በማላውቀው በዚያ በድሮው የቁጣ ድምፅዋ፣ "ምን ይጎልትሃል? በሩን ክፈትለት እንጂ" አለችኝ።

ተነሥቼ ሄጄ በሩን ከፈትኩት።