ሰላሳና ስልሳ

አናጢው በሰፈሩ «ጋሽ ሚሊ» ነው የሚባለው፤ አንዲት ሚሊሜትር ከተዛነፈች እንቅልፍ አይወስደውማ። አርባ ዓመት ሙሉ ጣውላ አበላሸ የሚለው ሰው አልተገኘም፤ ቢገኝም ፊት ለፊት የሚደፍር አልነበረም።

ዘንድሮ ግን ጉድ ፈላ። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ከክፍል ውስጥ እየለካ ይጣራል፣ ጋሽ ሚሊ ደጅ ሆኖ ይቆርጣል፤ አሠራራቸው ይኸው ነው። «ስልሳ!» ሲለው ሰላሳ ቆረጠ። የቁም ሳጥኑ መደርደሪያ ለአሻንጉሊት የተሠራ መሰለ። በሳምንቱ ደገመው።

«ጋሼ፣ ስልሳ እኮ ነው ያልኩህ!»

«ሰላሳ ብለህ አሁን ልትክድ ነው?»

የሰው አፍ መቼ ያርፋል፤ «ጃጅቷል» ተባለ። የሚስቱ ወንድምም «ከእንግዲህ መጋዙን ለኔ ተውልኝ» አለው። ጋሽ ሚሊ ደሙ ፈላ፤ በሆዱ ግን ፈራ። አባቱ የልጆቻቸውን ስም መርሳት የጀመሩት በዚሁ ዕድሜ ነበር። ለማንም ትንፍሽ ሳይል ከሰው ራቀ። ከሰው መሀል ሲገኝም ሌላው ሲስቅ አብሮ ይስቃል፣ በምን እንደሳቀ ግን አያውቅም።

ጤና ጣቢያ እየጎተተች የወሰደችው ሴት ልጁ ናት። ነርሷ ጥቂት ቃላት አስያዘችው፣ ግፊቱን ለካች፣ ቃላቱን መልሳ ጠየቀችው፣ ከዚያ ከጀርባው ቆማ በሹክሹክታ አናገረችው። እሱ ግድግዳውን እያየ ቀረ።

«አባቴ፣ ጮክ ብዬ የነገርኩዎትን ቃላት አንድም አልረሱም። የደከመው ጆሮዎ ነው።»

«እንደ አባቴ አልሆንም ማለት ነው?»

«እሱን ማንም ቃል አይገባልዎትም። ግን ያልታከመ ጆሮ፣ የደም ግፊት፣ ከሰው መራቅ፣ ሲጋራ፣ ሁሉም በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድልን ይጨምራሉ። እነዚህን ደግሞ ማስተካከል እንችላለን።»

ጋሽ ሚሊ ሲጋራው ያለበትን ኪስ በእጁ ሸፈነ።

«ጆሮዬ ላይ ነገር ሰክቼ ልዙር? ሰው ምን ይለኛል?»

«ቢያንስ የሚሉትን ይሰማሉ» አለችው ነርሷ።

አንድ ወር ካቅማማ በኋላ የመስሚያ መሣሪያውን አደረገ። መጋዙም ተመለሰለት። የመጀመሪያ ቀን ከሥራ ሲገባ ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች። የጨርቁ ድምፅ ሳይቀር ይሰማዋል፤ እሷ ግን ቃል አልወጣትም።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ እኮ» አለችው ቀና ሳትል። «መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልከኝ መስሎኝ አኮረፍኩ። ኋላ መጮህ ሰለቸኝ። አምና የምርመራ ውጤት ስጠብቅ "ፈርቻለሁ" አልኩህ። "ጥሩ ነው" ብለኸኝ ወጣህ።»

ጋሽ ሚሊ ለራሱ ጭንቅላት መፍራት ሳይጀምር፣ እሷ እዚሁ ቤት ብቻዋን ፈርታ ነበር።

«ምን... ምን አሉሽ?»

«ደህና ነሽ አሉኝ። አልፏል፣ ተወው።»

በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አልተውም» አላት። «እንደገና ንገሪኝ።»